ሜሪ ሉ ዊልያምስ፦ ስለ ብዕሯ ለምን አናወራም?

የሸክላ ወዳጅ (ይህን የውይይት ክር የጀመረችው)

ሰላም ቤተሰብ። «የጃዝ ታላላቅ ሴቶች» የሚሉ ዝርዝሮች በየቦታው ሲዘዋወሩ አያለሁ። አብዛኞቹ ላይ የሚሰፍሩት ዘፋኞች ናቸው። ወደ መጨረሻው ሜሪ ሉ ዊልያምስ ብቅ ትላለች። ከስሟ ጎን «ጎበዝ ፒያኒስት ነበረች» ይባልና ያልቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጎበዝ ፒያኒስት መሆኗን ማንም አይክድም። ግን ሜሪ ሉ በ1930ዎቹ አሜሪካን ሲያስጨፍሩ የነበሩ ትልልቅ ባንዶች የሚጫወቱትን ሙዚቃ ቁጭ ብላ የጻፈች ሰው ናት። ጭብጨባው ለባንድ መሪዎቹ ነበር። ኖታው ላይ ያለው ሐሳብ ግን የእሷ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጣቶቿ ሳይሆን ስለ ብዕሯ ብናወራ ደስ ይለኛል።

ለማታውቋት ታሪኳን ላስቀድም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1910 አትላንታ ተወለደች። የልደት ስሟ ሜሪ ኤልፍሪዳ ስክራግስ ነው። ገና ትንሽ ልጅ እያለች ቤተሰቡ ወደ ፒትስበርግ ሄደ። እናቷ ቤት ውስጥ በእግር የሚነፋ ኦርጋን ትጫወት ነበር፤ ልጇንም ጭኗ ላይ ታስቀምጣት ነበር። አንድ ቀን እናትየው ተጫውታ ስትጨርስ ሕፃኗ እጇን ዘርግታ የሰማችውን መልሳ ተጫወተችው። እናት ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ግን አስተማሪ አልቀጠረችላትም። ኖታ ከተማረች በጆሮዋ መጫወቷን ትተዋለች ብላ ፈራች። ይልቅ ሙዚቀኞችን ቤት እየጠራች ልጇን ታሰማት ነበር።

የሰፈሩ ነጮች መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ላይ ጡብ ይወረውሩ ነበር። በኋላ ልጅቷ ስትጫወት ሰምተው ራሳቸው ቤታቸው እየጠሩ ያስጫውቷት ጀመር። «የኢስት ሊበርቲ ትንሿ የፒያኖ ልጅ» የሚለው ስም የወጣላት በዚያ ጊዜ ነው። የቤቱን ወጪ በመደገፍም ትረዳ ነበር።

በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከተዘዋዋሪ የመድረክ ቡድኖች ጋር ከከተማ ከተማ ዞረች። ሳክስፎን ተጫዋቹን ጆን ዊልያምስን አገባች። ባሏ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ባንድ ሲቀላቀል ተከትላው ሄደች። ባንዱ ግን ፒያኒስት ነበረው። ስለዚህ የእሷ ቦታ ዳር ነበር። መኪና ትነዳላቸዋለች፤ አንዳንዴ ዳንሱ ሲቀዘቅዝ ጠርተው ያስጫውቷታል። ቱልሳ ውስጥ የቀብር ሥራ ለሚሠራ ሰው አስከሬን እስከማመላለስ ደርሳለች።

በ1929 ያው ባንድ በአንዲ ከርክ መሪነት ካንሳስ ሲቲ ገባ። ስሙም «ትዌልቭ ክላውድስ ኦፍ ጆይ» ሆነ። የሸክላ ቀረጻ ተዘጋጀ፤ የባንዱ ፒያኒስት ግን አልመጣም። ሜሪ ሉን ጠሩ። ተቀመጠች፣ ተጫወተች፣ በቃ። በሚቀጥለው ዓመት ችካጎ ውስጥ ብቻዋን ሁለት ሙዚቃ ቀዳች። «ሜሪ ሉ» የሚለውን ስም ያወጣላት የዚያ ቀረጻ አዘጋጅ ጃክ ካፕ ነው።

አሁን ወደ ብዕሩ። አንዲ ከርክ ኖታ ይጽፋል። እሷ ጭንቅላቷ ውስጥ ሐሳቡ ሞልቷል፤ መጻፍ ግን አታውቅም። መጀመሪያ እሷ ፒያኖ ላይ እየመታች እሱ ይጽፍላት ነበር። ይሄ አካሄድ አላስታገሣትም። እሱ አንዱን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እስኪጽፍ እሷ አምስት ቦታ አልፋ ትሄዳለች። ከእሱ መሠረቱን ተምራ ብዕሩን ራሷ ያዘች። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የባንዱ ዋና አቀናባሪ ሆነች። በ1936 የወጣውን «ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን» ስሙት። እስኪ ሰምታችሁ «ጎበዝ ፒያኒስት ነበረች» ብቻ ብላችሁ እለፉ።

ግራ እጅ

እህቴ፣ ክሩን ስለከፈትሽው አመሰግናለሁ። በአንድ ነገር ግን እከራከርሻለሁ። ጣቶቿን ከብዕሯ ነጥለሽ አትዪ። እኔ ፒያኖ እጫወታለሁ። የጻፈችው ሁሉ ከፒያኖው የወጣ መሆኑ ይሰማኛል።

ግራ እጇን አዳምጡ። ስትራይድ በሚባለው የድሮ የጃዝ ፒያኖ ስልት ያደገች ናት። ታችኛውን ባስ መትታ መሃል ላይ ወዳለው ኮርድ የምትዘልበት ጉልበት አለ። ቡጊ ውጊ የሚባለውን የብሉዝ ፒያኖ ስልት ስትጫወት ደግሞ ያ እጅ አንድ ከበሮ ከአንድ ባስ ጋር ሆኖ ይሠራል። በዚያን ጊዜ «እንደ ወንድ ትጫወታለች» ይሏት ነበር፤ ያመሰገኗት እየመሰላቸው።

አሁን ይሄን እጅ ወደ ባንድ ውሰዱት። የባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን በ1937 የተጫወተውን «ሮል ኤም» እሷ ናት የጻፈችው። ምንድን ነው? ቡጊ ውጊ ነው። የፒያኖ ግራ እጅ የሚሠራውን ለነፋስ መሣሪያዎች አከፋፈለችው። አንድ ሰው በሁለት እጅ የሚጫወተውን ለአንድ ሙሉ ባንድ መስጠት ቀላል አይደለም። በቀላሉ ይከብዳል፣ ይጎተታል። የእሷ አይጎተትም።

«ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን» ላይም አንድ ብልሃት አለ። ለሳክስፎኖቹ ኅብር አንድ ተጨማሪ ድምፅ ፈለገች። ባንዱ ውስጥ የቀረ ሳክስፎን የለም። ምን አደረገች? አንዱን ትራምፔት አምጥታ ከሳክስፎኖቹ ጋር አሰለፈችው። ድምፁ ለየት ያለው ለዚህ ነው። ሳክስፎን ነው ሲሉት የሚያበራ ነገር አለበት፤ ትራምፔት ነው እንዳይሉት ለስላሳ ነው። በእጥረት የመጣ መፍትሔ የባንዱ መለያ ሆነ።

እዚያው ሙዚቃ ውስጥ አንዲት አጭር ሐረግ አለች። ፒያኒስቱን ቴሎኒየስ መንክን የምትወዱ ሰዎች ስትሰሟት ቀጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። «ሪትም ኤ ኒንግ» የሚባለው ሥራው ዋና ዜማ ውስጥ ያለችው ናት። በ1936 በእሷ ብዕር ተጽፋ ሸክላ ላይ ታትማለች።

የቦፕ ልጅ

ሁለታችሁንም አነበብኩ። አክብሮቴ ሳይጓደል ልጠይቅ። በ1930ዎቹ አቀናባሪ ሞልቶ ነበር። ፍሌቸር ሄንደርሰን አለ፣ ዶን ሬድማን አለ፣ ሳይ ኦሊቨር አለ። እነሱም ብዕራቸው እንጂ ስማቸው ብዙ አይነሳም። እሷን ከነሱ የሚለያት ምንድን ነው? ሴት መሆኗ ብቻ ከሆነ የሸክላ ወዳጅ ራሷ የተቃወመችው ነገር ላይ ተመልሰን ልንወድቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢቦፕን (በ1940ዎቹ የመጣውን አዲስ የጃዝ ስልት) በሚመለከት የጀማሪዎቹ «እናታቸው ነበረች» ሲባል እሰማለሁ። ፒያኒስቶቹ መንክና ባድ ፓወል ቤቷ ይመጡ ነበር፤ እሺ። ቤት መክፈትና ሙዚቃ መፍጠር ግን ይለያያሉ።

የሸክላ ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በደንብ ልመልስ።

የጠራሃቸው ሰዎች ታላላቅ ናቸው። ዶን ሬድማንን እሷም ታደንቀው ነበር። ግን የነሱን ሥራ ስትሰማ አብዛኛውን ጊዜ የምታስታውሰው አንድ ዘመን ነው። ሜሪ ሉ ግን አንድ ዘመን ላይ አልቆመችም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ስትራይድ ትጫወታለች። በ1930ዎቹ ለካንሳስ ሲቲ ስዊንግ ትጽፋለች። በ1940ዎቹ ቢቦፕ ሲመጣ ከእሷ ዕድሜ ብዙዎቹ ሲሸሹት ወይም ሲሳደቡ እሷ ገባችበት። በ1960ዎቹ ለመዘምራን ጻፈች። በ1977 ደግሞ ከፒያኒስቱ ሴሲል ቴይለር ጋር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጠች። የባንድ መሪውና አቀናባሪው ዱክ ኤሊንግተን ስለ እሷ ሲጽፍ ዘወትር የዘመኗ ሰው እንደሆነች ተናግሯል። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ገለጻ የለም። በነገራችን ላይ ለራሱ ለኤሊንግተንም አቀናብራለታለች። በ1946 የተቀዳው «ትራምፔት ኖ ኤንድ» የእሷ ነው። ያ ሰው የሌላ ሰው ብዕር ለምኖ የሚኖር አልነበረም። ጉድማንም ለእሱ ብቻ እንድትጽፍለት ውል ሊያስገባት ሞክሮ እምቢ ብላዋለች።

ወደ ቤቷ እንሂድ። በ1942 ከአንዲ ከርክ ባንድ ወጣች። ከዚያ ኒው ዮርክ ገብታ ካፌ ሶሳይቲ መሥራት ጀመረች። ጥቁርና ነጭ አብረው የሚቀመጡበት የምሽት ክበብ ነበር፤ ያኔ ኒው ዮርክ ውስጥ እንኳ ብርቅ ነው። ሥራ ስትጨርስ ሃርለም፣ ሃሚልተን ቴራስ ወዳለው አፓርትማዋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎቹ የሚመጡት። መንክ፣ ባድ ፓወል፣ ታድ ዳመሮን፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊሌስፒ። አዲስ የጻፉትን ፒያኖዋ ላይ ያሰሟታል። እሷ ታርማለች፣ ትጠይቃለች፣ የራሷንም ታሰማለች። ታድ ዳመሮን ሐሳብ ሲደርቅበት እሷ ዘንድ መጥቶ ይጽፍ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ይሄ ቤት መክፈት ብቻ ነው? እኔ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ። በ1949 ዲዚ ያስቀዳው «ኢን ዘ ላንድ ኦፍ ኡ ብላ ዲ» ውስጥም የእሷ ብዕር አለ። ስለዚህ ቡና አቅራቢ አድርገን አንያት።

ጋሽ ስዊንግ

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን ካንሳስ ሲቲን ሳትጠግቡ አለፋችሁት።

ያቺ ከተማ በዚያ ዘመን በቶም ፔንደርጋስት የፖለቲካ መረብ ሥር ነበረች። አገሩ ሁሉ መጠጥ ተከልክሏል፤ ካንሳስ ሲቲ ግን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናት። የኢኮኖሚው ቀውስ ሌላ ቦታ ሙዚቀኛን ሲያስርብ እዚያ ሥራ ነበር። ሙዚቀኛው ደመወዝ የሚያገኝበትን ሥራ ጨርሶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እስኪነጋ ድረስ ይፋለማሉ። መንገዱን ያሳየ፣ ሌላውን ያሸነፈ ስም ያገኛል። ሜሪ ሉ ያደገችው እዚህ እሳት ውስጥ ነው።

ራሷ የተረከችው አንድ ሌሊት አለ። በ1954 ለንደን በሚታተመው ሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ታሪኳን ስትናገር ነው ያወጣችው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልማን ሆኪንስ ከኒው ዮርክ መጣ። ቼሪ ብሎሰም የሚባል ቤት ውስጥ የከተማው ልጆች ከበቡት። ሌስተር ያንግ፣ ኸርሸል ኢቫንስ፣ ቤን ዌብስተር። ሆኪንስ እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ ይገጥመኛል ብሎ አልጠበቀም። ፍልሚያው አላልቅ አለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ሜሪ ሉ ተኝታ መስኮቷ ተንኳኳ። ቤን ዌብስተር ነው። ፒያኒስቶቹ ሁሉ ደክመዋል፣ ተነሺና ነይ ይላታል። ተነስታ ሄደች።

እንግዲህ ይሄን አስቡት። ከተማዋ በፒያኒስት የተሞላች ናት። ያ ሁሉ ወንድ ሲደክም የማን መስኮት ነው የተንኳኳው? «በሴትነቷ» አልጠሯትም። ጨዋታውን የምትሸከም ሰው ስለፈለጉ ነው። ለእኔ ከሽልማት ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ትራምፔት አፍቃሪ

ጋሼ እናመሰግናለን። እርስዎ ሲተርኩ ቦታው ድረስ ይወስዱናል።

እኔ የመጣሁት ሜሪ ሉን «የመጀመሪያዋ የጃዝ ሴት» እንዳትሏት ነው። ሊል ሃርዲንን የምትረሱ ከሆነ አልስማማም። ሊል በ1898 ሜምፊስ ተወለደች። በ1923 የኪንግ ኦሊቨር ባንድ ሪችመንድ፣ ኢንዲያና ውስጥ እነዚያን ዝነኛ ሸክላዎች ሲቀዳ ፒያኖው ላይ ያለችው እሷ ናት። ሉዊ አርምስትሮንግ ሁለተኛ ትራምፔት ሆኖ ሲቀመጥ «አንተ የሰው ሁለተኛ አትሁን» ብላ ከኦሊቨር ባንድ እንዲወጣ የገፋፋችው ሚስቱ ሊል ናት። በ1925 የአርምስትሮንግ ባንድ «ሆት ፋይቭ» ሲጀመርም ፒያኖው የእሷ ነው። ሙዚቃም ትጽፍ ነበር። አርምስትሮንግ በ1971 ሐምሌ ሞተ። በቀጣዩ ወር ችካጎ ውስጥ ለእሱ መታሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ፒያኖ እየተጫወተች ወድቃ አረፈች።

ከሜሪ ሉ በኋላም ሜልባ ሊስተን አለች። ትሮምቦን ይዛ በ1956 ከዲዚ ጊሌስፒ ትልቅ ባንድ ጋር መካከለኛው ምሥራቅን ዞራለች። ለፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተን ያቀናበረችውን ስሙ። እሷም ብዕረኛ ናት።

የሸክላ ወዳጅ

@ትራምፔት አፍቃሪ ሙሉ በሙሉ ከጎንህ ነኝ። «የመጀመሪያዋ» የሚለውን ማዕረግ ለሜሪ ሉ አልጠየቅኩላትም። ሊል መንገድ ከፍታለች። ሜልባም የራሷ ክር ይገባታል፤ ክፈተውና እመጣለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። የሦስቱንም ሥራ አይተህ ስለ ሦስቱም የሚወራው ግን «ወንዶች መሃል ገባች» የሚለው ብቻ ነው። ገብታ የሠራችው ይቅርና ደጁን ያለፈችበት ይወራል።

ጀማሪዋ አድማጭ

ሰላም። እኔ ጃዝ ገና እየጀመርኩ ነው፤ ኖታም አላውቅም። ክሩን ሳነብ ጓጓሁ። ከየት ልጀምር? ደግሞ አንዳንድ ቦታ «ዞዲያክ ስዊት» የሚል አይቻለሁ። እሱ ምንድን ነው?

ግራ እጅ

እንኳን ደህና መጣሽ። ኖታ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። እናቷም ያመነችው ይሄንኑ ነው።

«ዞዲያክ ስዊት» አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሥራ ነው፤ ለአሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች አንድ አንድ። በ1945 የራሷ የሬዲዮ ፕሮግራም ነበራት። እዚያ ላይ ክፍሎቹን በየሳምንቱ እየጻፈች ታሰማ ነበር። እያንዳንዱን ክፍል በዚያ ኮከብ ለተወለዱ ለምታውቃቸው ሰዎች ነው የሰጠችው። በዚያው ዓመት ከባስና ከድራም ጋር ቀዳችው። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ታኅሣሥ 31፣ ኒው ዮርክ ታውን ሆል አዳራሽ ውስጥ ከትንሽ የክላሲክ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበችው። በ1946 ደግሞ ሦስቱ ክፍሎች ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫወቱ።

ይሄን ያደረገችው በ35 ዓመቷ ነው። ኮንሰርቫቶሪ አልገባችም። ኖታ መጻፍ የተማረችው ባንድ ውስጥ ነው። ለገመድ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚጻፍ የራሷ ጆሮ ነው ያስተማራት። የታውን ሆሉ ምሽት ልምምዱ አልበቃም ነበር። ኦርኬስትራው የሚንገዳገድባቸው ቦታዎች አሉ። ቢሆንም በዚያ ጊዜ ጃዝን ከክላሲክ ጋር እንዲህ አድርጎ ለማገናኘት የደፈረ ብዙ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወዳጄ የቦፕ ልጅ፣ «ከሌሎቹ አቀናባሪዎች ምን ይለያታል» ላልከው ይሄ የእኔ መልስ ነው። እነሱ ለጭፈራ አዳራሽ ጻፉ፤ እሷ ከዚያ ወጥታ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሥራ ጻፈች።

የቦፕ ልጅ

«ዞዲያክ»ን ትናንት ማታ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ሊብራ የሚለው ክፍል ላይ የምትጠቀማቸው ኮርዶች ያስደምማሉ። 1945 መሆኑን ሳስብ ይበልጥ። በዚህ ነጥብ ክርክሬን አነሳለሁ።

ግን አሁንም አንድ የማይገባኝ አለ። በ1954 ፓሪስ ውስጥ ፒያኖውን ትታ ተነሳች ይባላል። ያን ያህል ሐሳብ ያለው ሰው ለምን ያቆማል? ሲመለስስ ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ሄደ? እኔ የ1960ዎቹን ሥራዋን እንደ ጃዝ ለመስማት ይከብደኛል።

የሸክላ ወዳጅ

ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚተዋት።

በ1952 ወደ አውሮፓ ሄደች። ለአጭር ጊዜ አስባ ነው፤ ቆየች። በገንዘብ ተቸገረች። ያን ሁሉ ጽፋ ኪሷ ባዶ ነበር። በ1930 ለቀዳቻቸው የመጀመሪያ ሶሎዎቿ እንኳ የሚገባት ክፍያ እንዳልደረሳት ትናገር ነበር። ስሟ ትልቅ፣ ገቢዋ ትንሽ። በዙሪያዋ ያሉ ጓደኞቿ ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ እያለቁ ነበር። ድካሙ ተጠራቀመ። በ1954 አቆመች።

ሃርለም ተመልሳ ጸሎት ላይ ወደቀች። የታመሙና ሱስ የያዛቸው ሙዚቀኞችን አፓርትማዋ ውስጥ እያስገባች ታስታምም ነበር። በ1957 ከዲዚ ሚስት ከሎሬይን ጋር ካቶሊክ ሆና ተጠመቀች። ፒያኖ መጫወትሽን ለሌሎች የሚቀርብ ጸሎት አድርጊው ያሏት ካህናት ናቸው። በዚያው ዓመት በዲዚ ግፊት ኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ከባንዱ ጋር ተመለሰች። የተጫወተችውም ከ«ዞዲያክ» ነው። ከዚያ ችግረኛ ሙዚቀኞችን የሚረዳ ቤል ካንቶ የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ገንዘቡን ለማግኘት ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ሱቁ ውስጥ ራሷ ትሠራ ነበር።

አሁን ሙዚቃው። በ1962 የፔሩው ቅዱስ ማርቲን ደ ፖረስ ቅድስናው ታወጀ። ሊማ ውስጥ ከስፔናዊ አባትና ነፃ ከወጣች ጥቁር እናት የተወለደ ሰው ነው፤ ድሆችንና ሕሙማንን ሲያገለግል ኖሯል። ሜሪ ሉ ለእሱ መዝሙር ጻፈች፤ «ብላክ ክራይስት ኦፍ ዘ አንዲስ» የሚባለው። ድምፃውያኑ ያለ መሣሪያ ይጀምራሉ። ኅብሩን ስማ። ያ የጃዝ ኮርድ ነው፣ ወንድሜ። ሳክስፎኖች ቢጫወቱት «ዘመናዊ የትልቅ ባንድ ሥራ» ትለው ነበር። ሰው ስለዘመረው ነው የቤተ ክርስቲያን የመሰለህ። ፒያኖው ሲገባ ደግሞ ብሉዙ ግልጽ ሆኖ ይወጣል።

መዝሙሩ ያለበትን አልበም በ1964 ያወጣችው ሜሪ ሬከርድስ በሚባል በራሷ አሳታሚ ድርጅት ነው። ለዓመታት ሌሎች ሲሸጡት የኖረውን ብዕሯን በራሷ እጅ አስገባች ማለት ነው። ለእኔ የሥራዋ ከፍተኛ ቦታ እዚህ ነው። ለጉድማን ከጻፈቻቸውም አስቀድመዋለሁ።

ጋሽ ስዊንግ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ቅዳሴዎችም ጽፋለች፤ ሦስት ናቸው። የመጨረሻውን የዳንስ ቀማሪው አልቪን ኤይሊ በ1971 ወደ ዳንስ አመጣው። «ሜሪ ሉስ ማስ» ይባላል። በ1975 ኒው ዮርክ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ውስጥ ተጫወተችው። በዚያ ካቴድራል ጃዝ ለቅዳሴ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። በ1930ዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ የተጫወተችው ብሉዝ ነው መሠዊያው ፊት የቀረበው። አልቀየረችውም። ብሉዝና መንፈሳዊ ዜማ ከአንድ መከራ የወጡ ናቸው ብላ ነበር የምታምነው።

ይሄን በሥዕልም አሳይታለች። ሠዓሊው ዴቪድ ስቶን ማርቲን የሳለላት የጃዝ ዛፍ አለ። ሥሩ ላይ መከራ ተጽፏል። ከዚያ ግንዱ ላይ መንፈሳዊ መዝሙር፣ ራግታይም፣ ካንሳስ ሲቲ ስዊንግ፣ ቦፕ እያለ ይወጣል። ስታስተምር የምትይዘው እሱን ነበር።

ትራምፔት አፍቃሪ

ስለ ሴሲል ቴይለር ኮንሰርት የሚያነሳ ጠፋ? ሚያዝያ 1977፣ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ሁለት ፒያኖ። «ኢምብሬስድ» በሚል አልበም ወጥቷል። እኔ ጨርሼ መስማት አልቻልኩም። እሷ ብሉዝ ትጀምራለች፤ እሱ ማዕበሉን ይለቅባታል። የተስማሙ አይመስሉም።

ግራ እጅ

አልተስማሙም። ግን ያ ምሽት እንዴት እንደመጣ እወቅ። ጋባዧ እሷ ናት። የቴይለርን ጨዋታ ሄዳ ሰምታ አብረን እንጫወት አለች። የእሷ ሐሳብ የጃዝን ታሪክ ከመጀመሪያው ተነስተው አብረው እንዲያልፉበት ነበር፤ ጽፋም ነበር የመጣችው። እሱ ደግሞ የራሱን ሙዚቃ ይዞ መጣ። ውጤቱ ፍጥጫ ሆነ። እኔ ግን ደጋግሜ እሰማዋለሁ። በ66 ዓመቷ፣ የዘመኑን እጅግ አስቸጋሪ ፒያኒስት ራሷ ፈልጋ ካርኔጊ ላይ አብራው ተቀመጠች። ሁለተኛው ክፍል ላይ ባስና ድራም ሲገቡ አዳምጥ። ግራ እጇ አልተነቃነቀም።

የሸክላ ወዳጅ

በዚያው በ1977 ነው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረችው። ሥራ አስኪያጇ የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን አባ ፒተር ኦብራየን አብረዋት ያስተምሩ ነበር። በግንቦት 1981 እዚያው ደርሃም ውስጥ በካንሰር እስክታርፍ ድረስ አስተማረች። የጽሑፍ ሥራዋ፣ ኖታዎቿና ደብዳቤዎቿ ኒውአርክ፣ ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ጥናት ተቋም ውስጥ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች እየሄዱ ያገላብጡታል። የብዕሯ ማስረጃ እዚያ በእጇ ጽሑፍ ተቀምጧል።

ጀማሪዋ አድማጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን»ን ሰማሁት፤ ትራምፔቱ ሳክስፎኖቹ መሃል ያለበትን ቦታ አገኘሁት መሰለኝ። «ዞዲያክ»ን ከየትኛው ልስማ? ከኦርኬስትራው ወይስ ሦስት ሆነው (ፒያኖ፣ ባስና ድራም) ከተጫወቱት?

ጋሽ ስዊንግ

ከሦስቱ ጀምሪ፣ ልጄ። የ1945ቱን የስቱዲዮ ቀረጻ። ሐሳቡ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ነው። የታውን ሆሉን ከዚያ አስከትዪ፤ ቀረጻው ጠፍቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ለሕዝብ የወጣው፣ የድምፅ ጥራቱን ታገሺው። ኦርኬስትራው በትክክል ተጫውቶ መስማት ካማረሽ ደግሞ ፒያኒስቱ አሮን ዲል ከ«ዘ ናይትስ» ኦርኬስትራ ጋር በ2023 ያወጣው አለ። በ1945 ልምምድ ያነሰው ሙዚቃ ምን ይመስል እንደነበር እሱ ላይ ታገኚዋለሽ።

ግራ እጅ

ጋሼ ያሉትን ቅደም ተከተል ያዢ። ፒያኖዋን ለብቻው መስማት ከፈለግሽ ደግሞ የ1930ውን «ናይት ላይፍ» ጨምሪበት። አጭር ነው። 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላት የተቀዳ ነው፤ ግራ እጇን ብቻ ተከተዪ።